የቀበሌን ረግረግና ወንዝ የሚጠብቅ ደንብ እንዴት ይዘጋጃል?

ረግረግ በአንድ ቀን አይጠፋም። አንዱ ገበሬ በበጋ ቦይ ቀድዶ ውሃውን ያጠነፍፋል፤ ሌላው ዳር ዳሩን ባሕር ዛፍ ይተክላል፤ ተደራጅተው ሥራ የጀመሩ ወጣቶች ለጡብ የሚሆን አፈር ያወጣሉ፤ ከተማው ሲሰፋ ደግሞ የተረፈው ቦታ ገረጋንቲ ተደፍቶበት ለግንባታ ይመራል። እያንዳንዱ ድርጊት ለብቻው ሲታይ ይህን ያህል ጉዳት ያለው ስለማይመስልና አብዛኛውን ጊዜም በግልጽ የሚከለክለው የአካባቢ ደንብ ስለሌለ፣ ተው ባይ የሚነሣው ምንጩ ከደረቀ በኋላ ነው። ይህ መመሪያ እንዲህ ያለውን ደንብ ለማዘጋጀት ለተነሡ የቀበሌ መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ አባላት፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራትና ጉዳዩ ለሚያሳስባቸው ነዋሪዎች የተጻፈ ሲሆን፣ ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከጣና ሐይቅ ዙሪያ የተወሰዱ ናቸው።

ከሁሉ በፊት የጸሐፊው አቋም ይታወቅ፦ በረግረጉ የሚተዳደረውን ሰው ባዶ እጁን የሚያስቀር ደንብ ከአንድ ክረምት አያልፍም። ስለዚህ ከዚህ በታች የተሰጠው ምክር ሁሉ ክልከላን ከፈቃድ ጋር አብሮ ስለመጻፍ ነው።

ደንቡ የሚቆምበት ሕግ

ቀበሌ አዲስ ወንጀል ወይም አዲስ ቅጣት የመፍጠር ሥልጣን የለውም። ነዋሪው ተስማምቶ የሚያወጣው መተዳደሪያ ደንብ ጉልበት የሚያገኘው ከበላዩ ካሉት ሕጎች በመሆኑ፣ የደንቡ መግቢያ እነዚህን ሕጎች በቁጥራቸው መጥቀስ አለበት። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው፣ በአንቀጽ 92 ደግሞ መንግሥትና ዜጎች አካባቢያቸውን የመንከባከብ ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 43 ነዋሪዎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት ስለሚሰጣቸው፣ በረግረጉ ላይ ከውጭ የሚመጣ የግንባታ ዕቅድ ሲኖር በቀዳሚነት የሚጠቀሰው እሱ ነው።

ከአዋጆቹ ውስጥ ለአዘጋጆች እጅግ የሚጠቅመው የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ነው። ይህ አዋጅ የሚመለከተው ተቆጣጣሪ አካል ከሌሎች የሕዝብ አካላት ጋር ተመካክሮ የውሃ አካላትን ዳርቻ እንዲያካልልና በተካለለው ውስጥ ዛፍና ተክል መመንጠርን፣ የመኖሪያ ቤት መሥራትንም እንዲከለክል ሥልጣን ይሰጣል። ለቤት ውስጥ አገልግሎት የሚውል ውሃ ከማንኛውም ሌላ አገልግሎት እንደሚቀድምም ያስቀምጣል። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ ባህላዊ መስኖና የውሃ ወፍጮ ፈቃድ እንደማያስፈልጋቸውም ይገልጻል፤ ስለዚህ የቀበሌው ደንብ እነዚህን ፈቃድ አምጡ ማለት አይችልም። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016፣ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ሌሎቹ መነሻዎች ናቸው። ክልሎችም የየራሳቸው የመሬት አዋጅና ማስፈጸሚያ ደንብ ስላላቸው፣ ረቂቁ ከመጻፉ በፊት በሥራ ላይ ያለውን የመጨረሻ እትም ከወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ጠይቆ መያዝ ያስፈልጋል። የተሻረ አዋጅ የጠቀሰ ደንብ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ገና ከመግቢያው መናዱ አይቀርም።

ድንበሩን መለየት

አብዛኛው የአካባቢ ደንብ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። «ረግረጉ» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ደንብ በሚያዝያ የተከሰሰውን ሰው ሁሉ ነጻ ያወጣዋል፤ በሚያዝያ ቦታው ደረቅ መሬት ነዋ። ስለዚህ ድንበሩ የሚለካው ውሃው ሙሉ በሆነበት ወቅት ሊሆን ይገባል። የጣና ውሃ ከፍታው ላይ የሚደርሰው በመስከረምና በጥቅምት ሲሆን፣ እጅግ ዝቅ የሚለው በግንቦትና በሰኔ ነው። በ1995 ዓ.ም. የዝናብ እጥረትና ለኃይል ማመንጫ የሚለቀቀው ውሃ ተደራርበው ሐይቁ ከተለመደው በታች ሲወርድ፣ የመርከብ ጉዞው ተስተጓጉሎ ነበር፤ የተጋለጠው የሐይቁ ወለልም ታረሰ። በእንዲህ ያለ ዓመት የተለካ ድንበር ሐይቁን ራሱን ለእርሻ የሚሰጥ ድንበር ነው። ባሕር ሸሽ፣ ማለትም ሐይቁ ሲሸሽ የሚጋለጠው መሬት፣ የሚታረስበት ቀበሌ ሁሉ ይህን ነጥብ በልዩ ጥንቃቄ ሊመለከተው ይገባል።

በመስከረም መጨረሻ ኮሚቴው ከአካባቢው ሽማግሌዎችና ከወረዳው የመሬት አስተዳደር ባለሙያ ጋር በእግሩ ዞሮ ሦስት ምልክቶችን ይመዘግባል። የመጀመሪያው ውሃው የደረሰበት መስመር ነው፦ በዛፍ ግንድና በአጥር ላይ የቀረው የጭቃ ልክ፣ ጎርፉ አምጥቶ ያከማቸው ገለባና ቅጠል። ሁለተኛው ተክሉ ነው። ደንገል፣ ፊላና ቄጠማ የበቀሉበት ቦታ ውሃ ረዘም ላለ ጊዜ የሚተኛበት ነው። ከብት አጥብቆ የጋጠው ቦታ ግን ተክሉ ስለማይታይበት በዚህ ብቻ አይፈረድም፤ እምቦጭም ነፋስ ወደ ገፋው የሚሄድ ተንሳፋፊ አረም ስለሆነ የድንበር ምልክት ሊሆን አይችልም።

ሦስተኛው ምልክት አፈሩ ነው። ቦታው በጋ ላይ ደርቆ ክርክር ሲነሣ ዳኛ የሚሆነው ይህ ስለሆነ አሠራሩን በዝርዝር ማወቅ ይጠቅማል። ተጠራጣሪው ቦታ ላይ ግማሽ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ በዶማ ይቆፈርና የጉድጓዱ አንድ ግድግዳ በቢላዋ ተልጎ ይጸዳል። አፈሩ ግራጫ ወይም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ሆኖ፣ በውስጡ የዛገ ብረት የመሰሉ ቀይና ብጫ ነጠብጣቦች በተለይም በሥሮቹ ዙሪያ ከታዩ፣ መሬቱ በየዓመቱ ለረጅም ጊዜ ውሃ ተኝቶበት አየር እንደሚያጣ ያመለክታል። አንዳንዴ የገማ እንቁላል ሽታ ይሸታል። ከዚያ ሃያ ሠላሳ እርምጃ ወደ ደረቁ ወገን እየተራመዱ ሌላ ጉድጓድ፣ ቀጥሎም ሌላ ይቆፈራል፤ ግራጫው መልክ የጠፋበት ቦታ የረግረጉ ጠርዝ ነው። ነገር ግን እንደ ፎገራና ደምቢያ ባሉ የዋልካ ሜዳዎች የአፈሩ ጥቁረት ነጠብጣቦቹን ስለሚደብቅ፣ እዚያ ላይ የውሃውን መስመርና ተክሉን ማመን ይሻላል።

የተገኘው መስመር በወረቀት ብቻ መቅረት የለበትም። በየማዕዘኑ የድንበር ድንጋይ ይተከላል፣ የእያንዳንዱ ድንጋይ የጂፒኤስ ንባብ ይመዘገባል፣ መስመሩም ወረዳው ለሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ባዘጋጀው ካርታ ላይ እንዲሰፍር ይጠየቃል። በድንጋዮቹ መካከል ዶቅማ፣ ሾላ ወይም አሃያ መትከል ድንበሩን ከሩቅ ያሳያል፤ ድንጋይ በሌሊት ይነቀላል፣ ያደገ ሾላ ግን አይነቀልም። ከድንበሩ ውጭ የሚተወው ዳርቻ ስፋት ከሌላ ቀበሌ ደንብ ተገልብጦ የሚጻፍ ቁጥር መሆን የለበትም። መሬቱ ተዳፋት ከሆነና ከላዩ እርሻ ካለ ደለሉን ለማስቀረት ሰፋ ያለ የሣር ዳርቻ ያስፈልጋል፤ ለጥ ባለው ሜዳ ላይ ጠባብ ዳርቻ ሊበቃ ይችላል።

በድንበሩ ውስጥ የግል ይዞታ ሲገኝ ምን ይደረጋል? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት አርሶ አደር ከይዞታው ያለመነቀል መብት ስላለውና ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የሚወሰድ ንብረትም ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ የሚከፈልበት ስለሆነ፣ የይዞታ ደብተር ያለበትን ማሳ ኮሚቴ በቃለ ጉባኤ ሊወስደው አይችልም። ያሉት መንገዶች ሦስት ናቸው፦ ባለይዞታው እዚያው እያረሰ ቦይ እንዳይቀድና ባሕር ዛፍ እንዳይተክል ብቻ መስማማት፣ በፈቃደኝነት ተለዋጭ መሬት መስጠት፣ አለዚያም ወረዳው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሣ ከፍሎ እንዲያስለቅቅ መጠየቅ። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ርካሹና ሰላማዊው ነው።

ተጠቃሚዎቹን መቁጠር

ረቂቁ ከመጻፉ በፊት በረግረጉና በወንዙ ማን፣ በየትኛው ወር፣ ለምን እንደሚጠቀም የሚያሳይ መዝገብ ይዘጋጃል። ይህ መዝገብ የሚዘጋጀው በጠቅላላ ስብሰባ ከሆነ ግማሹ ሰው ሳይቆጠር ይቀራል። በስብሰባ የሚናገሩት አብዛኛውን ጊዜ መሬት ያላቸው ወንዶች ናቸው፤ ለበዓልና ለቡና ቄጠማ አጭደው የሚሸጡት ሴቶች፣ በጋ ላይ ከብት የሚያግዱት ልጆች፣ ውሃ የሚቀዱት፣ መረብ የሚጥሉት ግን ዝም ይላሉ ወይም ጭራሹን አይጠሩም። በጣና ዳርቻ ደንገል ቆርጠው ታንኳ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ኑሯቸው ከረግረጉ ጋር ከማንም ይልቅ የተሳሰረ ሆኖ ሳለ፣ በአብዛኛው የመሬት ደብተር ስለሌላቸው ደንብ ሲወጣ በመጨረሻ የሚያስታውሳቸው ሰው ይጠፋል። ስለዚህ ኮሚቴው ውሃ መቅጃው ድረስ፣ ታንኳ መሥሪያው ድረስ ሄዶ በትንንሽ ቡድን ማነጋገር አለበት፤ ሴቶችን የሚያነጋግር ሴት ብትሆን ይመረጣል። የገበያ ቀንና ዓመታዊ ክብረ በዓል ለዚህ አይሆኑም።

ሽማግሌዎች የድሮውን ሥርዓት እንዲያስረዱ ማድረግም ጠቃሚ ነው፤ አገራችን የጋራ ሀብትን በደንብ መምራትን ከውጭ አልተማረችምና። በመንዝ ጓሳ ቄሮ የሚባለው ባህላዊ ሥርዓት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጓሳውን ሣር ለተከታታይ ዓመታት ዘግቶ፣ ሲበቃ በሥርዓት ከፍቶ ሲያስጠቅም ኖሯል፤ ሥርዓቱ የፈረሰው በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ማግስት ሲሆን፣ ነዋሪው ቆይቶ በአዲስ ኮሚቴና በአዲስ ደንብ አቋቁሞታል። በኢሉባቦር ሸለቆዎች ደግሞ አባ ለጋ የሚባለው ተመራጭ ረግረጉ መቼ እንደሚጠነፈፍና ቦዩ መቼ እንደሚዘጋ እያስተባበረ፣ አንዱ የሌላውን ውሃ እንዳያበላሽ ይጠብቃል፤ ለቤት ክዳን የሚሆነው ጨፌም የሚገኘው ከዚያው ነው። በሁለቱም ቦታ ደንቡ የቆየው ከክልከላው ጎን የመጠቀሚያ ጊዜ ስላለው ነው። በቀበሌው እንዲህ ያለ ልማድ ካለ አዲሱ ደንብ ስሙንና ሹመቱን ጭምር ሊወርሰው ይገባል።

አንቀጾቹን መጻፍ

ጥሩ አንቀጽ ድርጊቱን፣ ቦታውን፣ ጊዜውንና ኃላፊውን በስም የሚጠራ ነው። በብዙ ደንቦች ላይ የሚታየው «ረግረጉን መጉዳት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ማንንም አይከለክልም፤ ጉዳት ምን እንደሆነ አይናገርምና። በምትኩ እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦

«ከድንበር ድንጋይ ወደ ውስጥ በእጅም ሆነ በማሽን ማጠንፈፊያ ቦይ መቅደድ፣ ነባር ቦይ ማጥለቅ ወይም ማስፋት ክልክል ነው። ይህ ደንብ ከመጽደቁ በፊት የተቀደደ ቦይ ያለው ባለይዞታ እስከ ሚያዝያ 30 ቀን ድረስ በአፈርና በድንጋይ ይደፍነዋል። ኮሚቴው የእያንዳንዱን ቦይ ቦታ፣ ርዝመትና ጥልቀት በመዝገብ ያሰፍራል።»

ቦይን በተመለከተ ጠንካራ መሆን ተገቢ ነው። በእግር የሚዘለል ጠባብ ቦይ እንኳ ጥልቅ ከሆነ በግራ ቀኙ ያለውን የከርሰ ምድር ውሃ ዝቅ አድርጎ ረግረጉን ከሥሩ ያደርቀዋል፤ ባለቦዩ ካልነካው ቦታ ላይ ሳይቀር ፊላው እየሳሳ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። እንደ ግጦሽና ቆረጣ ያለው ጉዳት ጊዜ ሲሰጠው ሊያገግም ይችላል፤ ቦይ ግን እስካልተደፈነ ድረስ ሌት ተቀን ይሠራል።

ግጦሽን በጅምላ መከልከል ግን አይመከርም። በክረምትና በመጸው አፈሩ ለስላሳ ስለሚሆን ኮቴ ይረግጠዋል፣ አዲስ የሚበቅለውንም ሣር ይቀጨዋል፤ በበጋ ግን ለአካባቢው ከብት ከዚያ የተሻለ መኖ የለም። ስለዚህ «ከሰኔ 1 እስከ ጥቅምት 30 ከብት ማስገባት ክልክል ነው፤ ከኅዳር ጀምሮ ሣሩ በኮሚቴው ድልድል መሠረት እየታጨደ ይወሰዳል፤ ከየካቲት ጀምሮ በተከለለው ሰሜናዊ ክፍል ግጦሽ ይፈቀዳል» የሚል ዓይነት አንቀጽ ልቅ ግጦሽን ያስቀራል፣ ባለከብቱንም አያስመርርም። ወራቱን እንደየአካባቢው ዝናብ ማስተካከል የአዘጋጆቹ ፈንታ ነው።

ደንገልና ፊላ ሲቆረጡ ሥራቸው ካልተነቀለ መልሰው ያቆጠቁጣሉ። አንቀጹ ስለዚህ መቁረጥን ይፈቅዳል፤ መንቀልንና ማቃጠልን ይከለክላል፤ ቦታውንም በክፍል በክፍል ከፍሎ አንዱ ሲቆረጥ ሌላው እንዲያርፍ ያደርጋል። ቆራጮቹ በስም ተመዝግበው መታወቂያ ቢሰጣቸው፣ ሌላ ሰው ገብቶ ሲያቃጥል የመጀመሪያዎቹ ጠባቂዎች እነሱ ይሆናሉ። እምቦጭ ለሚነቅሉ ሰዎችም አንድ ንዑስ አንቀጽ ያስፈልጋል፦ የተነቀለው አረም ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ፣ ክምሩ ውሃው ከሚደርስበት መስመር በላይ መሆን አለበት፤ ከእምቦጩ ጋር ደንገሉን አብሮ መንቀልም አይፈቀድም።

ባሕር ዛፍ የሚያጨቃጭቅ ጉዳይ ነው። ለብዙ ቤተሰብ እንደ ባንክ ደብተር የሚቆጠር ሀብት ስለሆነ ዛሬውኑ ቁረጡ ማለት ደንቡን ከመወለዱ በፊት መግደል ነው። የባሕር ዳርን ከተማ የመጠጥ ውሃ የሚመግቡት ምንጮች በሚገኙበት በእንፍራንዝ ወንዝ ረግረግ ዙሪያ ባሕር ዛፍና ጫት ምን ያህል እንደተስፋፉ ያየ ሰው ግን ዝም ማለት እንደማይቻል ይረዳል። አማካዩ መንገድ አዲስ ተከላን ከዛሬ ጀምሮ መከልከል፣ የቆመውን ዛፍ ግን ባለቤቱ አንድ ጊዜ ለመሸጫው ሲደርስ እንዲቆርጠው ከዚያም ጉቶውን እንዲነቅል ማስገደድ ነው። ጉቶው ካልተነቀለ እንደገና ያቆጠቁጥና ጉዳዩ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

የውሃ መሳቢያ ሞተርን በተመለከተ ደንቡ የቃል ክርክር የማያስነሣ መለኪያ ያስፈልገዋል። በወንዙ መሻገሪያ ወይም በድልድዩ እግር ላይ ቀለም የተቀባ ምሰሶ ይተከልና፣ ውሃው ከቀዩ መስመር ሲወርድ ሞተሮች በተራ፣ ከታችኛው መስመር ሲወርድ ደግሞ ጨርሰው እንዲቆሙ ይደነገጋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ውሃ ለሰው መጠጥና ለከብት ብቻ ይሆናል። ይህ በሌለበት ቦታ ሁሉም ሰው የመጨረሻውን ባልዲ ለመቅዳት ይሽቀዳደማል። የሐረርን ከተማ ውሃ ያጠጣ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ የደረቀው ከላይ በሚመጣው ደለልና ለጫትና ለአትክልት ያለገደብ በሚሳበው ውሃ ምክንያት ጭምር ነው፤ ከዓመታት በኋላ ውሃ መልሶ መያዝ ቢጀምርም በመካከሉ ከተማው ውሃውን ከሩቅ ለማምጣት ተገድዷል። በተጨማሪም ሞተር ከወንዙ ጠርዝ ራቅ ብሎ እንዲቀመጥ፣ ነዳጅና ዘይት ሲሞላ ከሥሩ ማጠራቀሚያ እንዲደረግ፣ የጸረ ተባይ መርጫ ዕቃም በወንዝና በምንጭ ውስጥ እንዳይታጠብ በአንድ አጭር አንቀጽ መጻፍ ይበቃል።

ቅጣትና ጥበቃ

ቅጣቱ አነስተኛ፣ የሚጨምርና ጥገናን የሚያስቀድም ይሁን። ቦይ የቀደደ ሰው መጀመሪያ ቦዩን ይደፍናል፤ ካልደፈነ ኮሚቴው ሰው ቀጥሮ አስደፍኖ ወጪውን ይጠይቀዋል፤ ገንዘብ የሚከፍለው ከዚያ በኋላ ነው። በመጀመሪያ ጥፋት ላይ ከባድ ገንዘብ የሚጥል ደንብ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ እንዳይመሰክር ያደርጋል። እስራት በቀበሌ ደንብ ሊጻፍ አይችልም፤ ሰው ከሕግ ውጭ ነጻነቱን አያጣምና። ወንጀል የሚሆን ድርጊት ሲፈጸም፣ ለምሳሌ መርዝ ወደ ውሃ ሲጨመር፣ ጉዳዩ ለፖሊስ ይተላለፋል።

ጥፋተኛውን የያዘው ሰው ራሱ ፈራጅ እንዳይሆን ጠባቂዎቹ፣ ቅሬታ ሰሚዎቹና ገንዘብ ያዡ የተለያዩ ሰዎች መሆን አለባቸው። የተሰበሰበው ገንዘብ በኮሚቴው ስም በተከፈተ ሒሳብ ገብቶ ገቢና ወጪው በየሩብ ዓመቱ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ጠባቂ ያለ ደመወዝ አይቆይም፤ ደመወዙ ከሣር ሽያጭ መሸፈን የሚችልበት ቀበሌ ከበጀት የሚጠብቀውን ቀበሌ ይበልጣል። የዕድር አባልነት ያለበት አካባቢ ከሆነም ደንቡን ጥሶ ውሳኔ ያልፈጸመ ሰው ጉዳይ ለዕድሩ ሽማግሌዎች እንዲቀርብ መስማማት ከገንዘብ ቅጣት ይልቅ ይሠራል።

ከቀበሌው በላይና በታች

ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥተው በርካታ ቀበሌዎችን አቋርጠው ወደ ጣና የሚገቡ ወንዞች ናቸው፤ በታችኛው ሜዳ ረግረጉን የሚሞላው ደለል የሚመጣው ከላይኛው እርሻ ነው። የታችኛው ቀበሌ ደንብ ብቻውን ይህን አያቆምም። ስለዚህ ረቂቁ ሲያልቅ ወረዳው የላይኛውንና የታችኛውን ቀበሌ አገናኝቶ ቢያንስ ስለ እርከን፣ ስለ ወንዝ ዳር እርሻና ስለ ሞተር ተራ የጋራ ስምምነት እንዲያስፈርም መጠየቅ አለበት። ወንዙ የሁለት ወረዳዎች ድንበር ከሆነ ጥያቄው ለዞን ይቀርባል።

ማጽደቅ

ረቂቁ በጽሑፍ ተባዝቶ ከመሰራጨቱ ባሻገር ምልዓተ ጉባኤው በተሟላበት ስብሰባ ላይ አንቀጽ በአንቀጽ ድምፅን ከፍ አድርጎ መነበብ አለበት፤ ማንበብ የማይችለው ነዋሪ የፈረመው ደንብ ነገ አልሰማሁም የሚባልበት ነው። በቃለ ጉባኤው ላይ የተገኙት ሰዎች ቁጥር፣ የደገፉ፣ የተቃወሙና ድምፅ ያልሰጡ በተናጠል ይጻፋሉ፤ የተቃወሙት ምክንያትም ሳይቀነስ ይሰፍራል። ተቃውሞን የሚደብቅ ቃለ ጉባኤ ለጊዜው ያማረ ቢመስልም በአቤቱታ ጊዜ ዋጋ ያስከፍላል። ቀጥሎ ሰነዱ ለወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ለሕጋዊነቱ ምርመራ፣ ለመሬት አስተዳደርና ለአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ ለዕውቅና ይላካል፤ ማኅተም ያረፈበት አንድ ቅጂ በቀበሌው፣ አንዱ በትምህርት ቤቱ ወይም በሌላ ሁሉም በሚደርስበት ቦታ ይቀመጣል። ከአንድ ዓመት በኋላ ደንቡ እንደገና እንደሚታይ በራሱ በደንቡ ውስጥ ይጻፍ፤ በመጀመሪያው ዓመት የማይታዩ ስሕተቶች በሁለተኛው መኸር ይወጣሉ።

አጥፊው ከቀበሌው አቅም በላይ ሲሆን

ፋብሪካ ፍሳሽ ሲለቅቅ፣ ሰፊ የአበባ እርሻ ዳርቻውን ሲያርስ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ራሱ ረግረጉ ላይ አፈር ሲያስደፋ የቀበሌው ኮሚቴ ደንቡን ይዞ ቢሄድ ሰሚ ላያገኝ ይችላል። በዚህ ጊዜ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ይጠቅማል። በዚህ አንቀጽ መሠረት ማንኛውም ሰው ጉዳቱ በቀጥታ እንደደረሰበት ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት ባደረሰ ወይም ሊያደርስ በሚችል ማንኛውም ሰው ላይ ለፌዴራሉ ወይም ለሚመለከተው የክልል የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ካልተስማማ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም የውሳኔው ጊዜ ካለፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ መመሥረት ይቻላል።

ይህ መብት ብዙ ጊዜ የሚባክነው ቀኑን ማስረዳት ባለመቻሉ ነው። ስለዚህ አቤቱታው በቃል መቅረብ የለበትም፤ በሁለት ቅጂ ተጽፎ አንዱ ገቢ ሲደረግ በሁለተኛው ላይ የመዝገብ ቤቱ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም እንዲያርፍ ይጠየቅና ቅጂው ይያዛል። በአቤቱታው ላይ ድርጊቱ የተፈጸመበት ቦታ የጂፒኤስ ንባብ፣ የታየበት ቀንና ሰዓት፣ የምስክሮች ስም፣ ከአንድ ቦታ በተለያየ ጊዜ የተነሡ ፎቶግራፎች፣ እንዲሁም የቀበሌው ደንብ የድንበር ካርታ ይያያዛሉ። አንድ የኮሚቴ አባል ገቢ ከሆነበት ዕለት ጀምሮ 30 ቀኑን፣ ከዚያም 60 ቀኑን ቆጥሮ የማስታወስ ኃላፊነት በቃለ ጉባኤ ይሰጠዋል።